የአያ ደምሌ ሐሞትና የእኛ «ደህና ነዎት»

በሽተኛ ስንጠይቅ ፊታችንን ምን እንደምናደርገው አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በር ላይ እናለቅሳለን፤ እንባችንን በነጠላ ጫፍ እንጠርግና ገባ ብለን «ዛሬስ ፊትዎ ወዛ ብሏል» እንላለን። ሐኪሙም የእኛው ልጅ ነውና በሽተኛውን አልጋው ላይ ትቶ አስታማሚውን ወደ ኮሪደር ይጠራል። መርዶው ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይዳረሳል፤ የበሽታው ባለቤት ብቻ አይሰማም። ይህንንም ደግነት እንለዋለን። ኧረ ተዉኝ! እኔ በዚህ ደግነት እንደተቃጠልኩ ነው።

አያ ደምሌ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ጉና ሥር ገብስና ድንች ያመርታሉ። አምና ክረምቱ ሲወጣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሽንታቸው ጠቆረ፣ ገላቸውን ያሳክካቸው ጀመር። መንደሩ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ፈረደ፤ ሥር ተቀጥቅጦ ተሰጣቸው። ጠጡት። ባሰባቸው። እኔ ደብረ ታቦር አስተማሪ ነኝ፤ የከተማ ዘመድ ለምን እንደሚፈለግ ደግሞ ታውቃላችሁ። በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ ወርደው እኔ ቤት ገቡ። የከተማችን ሐኪም በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ሐሞት የሚወርድበት ቱቦ ቆሽት አጠገብ መጥበቡን ነገረንና ወደ አዲስ አበባ ላከን። እኔን ግን ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ «ካንሰር ሊሆን ይችላል» አለኝ። አያ ደምሌ ከአልጋቸው ሆነው መጠራቴን አይተዋል።

አዲስ አበባ ስንደርስ ዕድላችን ሆኖ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አንድ አዲስ መሣሪያ ይዘው ነበር። ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ሆድ ዕቃ ሲያይ ድሮም ሰምተናል። የአሁኑ ግን በዚያው ቱቦ ውስጥ ክር የሚያህል ነገር ሾልኮ የሐሞቱ መውረጃ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ እንደ ማይክሮስኮፕ ያያል። ሥጋ ተቆርጦ፣ ላቦራቶሪ ሄዶ፣ መልሱ ስንት ጊዜ ተጠብቆ የሚታየውን ነገር እዚያው ሰውየው ሆድ ውስጥ እያለ ያሳያል። አንዷ ሐኪም ስክሪኑን አሳየችኝ። ቀጭን መረብ ይመስላል። «ካንሰር ቢሆን ወፍራም ወፍራም ነጭ ገመድ እናይ ነበር፤ ይኼ ቁስለት ነው፣ ይድናል» አለችኝ። ለማረጋገጫ የወሰዱት ቁራጭ ሥጋም ያንኑ መሰከረ። ሐሞቱ እንዲወርድ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡላቸው፤ በቀጠሮው ካልተቀየረ ግን ተደፍኖ ይገድላቸዋል ብለው አስጠነቀቁኝ።

እየሮጥኩ ገባሁ። «አያ፣ ካንሰር አይደለም፤ ደህና ነዎት» አልኳቸው።

በሐዘኔታ አዩኝ። ያዘኑት ለእኔ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ፤ «እኔም ለሚስቴ እስከ መጨረሻዋ እንደዚሁ ነበር የምላት።»

አያችሁ ጉዳችንን? ስንዋሽበት የኖርነው ቃል እውነት የሆነ ቀን የሚያምነው ሰው ጠፋ። አያ ደምሌ ጉና ተመልሰው የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ በሬዎቹን ለልጆቻቸው አካፈሉ። መንደሩ ደግሞ አይተኛም፣ በግ እየጎተተ ይመጣል። ድንበር ሲገፋቸው የኖረው ጎረቤት ሳይቀር እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው በደገፋቸው ቁጥር መሞታቸውን ይበልጥ አመኑ። የቱቦው ቀጠሮ ደረሰ። «የሚሞት ሰው ከአገሩ ወጥቶ አይንከራተትም» ብለው እምቢ አሉ። ዓይናቸው እንደገና ቢጫ መያዝ ጀምሯል።

ወጣሁ ጉና። ለመንኩ፣ ጉልበት ሳምኩ፣ ስለ መረቡና ስለ ገመዱ አስረዳሁ። እሳቸው ፈገግ ብለው ራሴን ይዳብሱኛል። ያኔ ደሜ ፈላ። ጠያቂው ሁሉ መደቡን ሞልቶ እንደተቀመጠ ተነሥቼ ጮህኩ። «አንቱ ግትር ሽማግሌ! ሰው የሐሞትዎን ውስጥ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሲነግርዎ የእኔን ፊት አይተው ማመን አቃተዎት? ሚስትዎን በውሸት ስለሸኙ እኔንም ውሸታም ያደርጉኛል?»

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ ለታላቅ አይነገርም፤ ለበሽተኛማ ጭራሽ። አያ ደምሌ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በንዴት ተንቀጠቀጠ። ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ ቃኙ። «በሚሞት ሰው ላይ እንዲህ የሚጮህ አለ?» ብለው ጠየቁ። «የለም» አሉ ራሳቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፉና በቅሎዋ እንድትጫን አዘዙ።

ቱቦው ተቀየረ፤ ዓይናቸውም ጠራ። ይኸው ዘንድሮ ገብሳቸውን ራሳቸው አጭደዋል። ጎረቤትየውም መዳናቸውን እንደሰማ ይቅርታ የጠየቀበትን ድንበር መልሶ አረሰው። እኔን ግን አኮረፉኝ። የሚስታቸውን ነገር ማንሣቴን አልረሱትም፤ ሰላምታ እንኳ በእናቴ በኩል ነበር የሚልኩልኝ።

ባለፈው ሰሞን ሆዴን አሞኝ ቤት ዋልኩ። ጨጓራ ነው ብዬ ንቄዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳና አያ ደምሌ ሳይጠሩ፣ ሳይለመኑ ገቡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ፤ ዓይኔን ጭምር። ከዚያ ራሴን ዳበሱኝ።

«ዛሬስ ፊትህ ወዛ ብሏል» አሉኝ።

ጫማዬን አድርጌ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሄድኩ።