ኳስ የሌለበት ቴፕ

መጀመሪያ ይቅርታ። ጽሕፈቴ ጠማማ ነው፤ መስመሩን እየለቀቀ ቁልቁል ይሄዳል። ፊደልም እሳሳታለሁ። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ለጥቂት አልፌ ነው ወደ ሲያትል የመጣሁት፤ አማርኛዬም እዚያው ስድስተኛ ክፍል ቀረ። ብዙ አልናገርም። እናቴ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" እያለች ትመክረኛለች። ሴት ደጃዝማች ትሆናለች እንዴ ብዬ አልጠየቅኋትም። መጠየቅም መናገር ነው።

ዛሬ ግን ስለ እህቴ ስለ ሰናይት ላወራችሁ ነው። ኮሌጅ ልትገባ ነው። በዱላ።

አትሳቁ። ላክሮስ የሚባል ጨዋታ አለ። ዱላው ጫፉ ላይ መረብ አለው፤ ኳሷን በመረቡ እየያዙ፣ እየወረወሩ፣ እየተቀማሙ ይሮጣሉ። እናቴ ያየች ቀን "ይሄማ የኛው የገና ጨዋታ ነው፤ ማን አመጣላቸው?" አለች። ቀጥላ የልጆቹን ቀሚስ አየች። አጭር ነው። ሲያትልን ታውቋታላችሁ፤ ፀሐይ ወጣ ሲሏት ይዘንባል። "እግሯን ብርድ ሊበላው ነው" ብላ በማግስቱ ከቀሚሱ ሥር የሚለበስ ጥብቅ ሱሪ ገዝታ መጣች። ቀይ። ሌላ ቀለም አልነበረም። ሰናይት "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ማንም እንደዚህ አይለብስም" ብላ ለመነች። "ማንም የኔ ልጅ አይደለም" አለቻት። ሶ፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀይ እግር ያላት እህቴ ብቻ ሆነች።

ሰናይት ግብ አታገባም። ትቀማለች፣ ትሮጣለች፣ ለሌላ ትሰጣለች። የሚጨበጨበው ለሌላዋ ነው።

ኮሌጆች ተጫዋች እንዴት እንደሚመርጡ ታውቃላችሁ? እኔ ከትምህርት ቤት የሚወስዱ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ግን ክለብ ነው፤ ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጡ ልጆች የሚጫወቱበት ቡድን። የኮሌጅ አሰልጣኞች በበጋ ትልልቅ ውድድር ወዳለበት ሄደው ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ይቀመጣሉ። ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ልጆቹን አያናግሩም። ሕግ አለባቸው፤ ለልጅቷ ስልክ መደወል የሚችሉት ሃይስኩል ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ ጁላይ ሲገባ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ምንም አልገረማትም። "እኛም አገር ለጋብቻ ልጅ የሚያይ ሰው እንዲሁ ነው። ውኃ ለምኖ፣ አይቶ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሽማግሌ የሚመጣው በኋላ ነው" አለች።

ችግሩ፣ ውድድሩ ያለው በምሥራቅ በኩል ነው። እኛ ያለነው በምዕራብ፣ የአሜሪካ ጫፍ ላይ። እነሱ ወደዚህ አይመጡም፤ ሰናይትም ወደዚያ አልሄደችም። የክለቡ አሰልጣኝ ካረን "ሩቅ ላለ ልጅ አንድ መንገድ አለ፤ ቪዲዮ እንልካለን" አለች። ለሰናይት ያሰበችላት አንድ ኮሌጅ ነበር። ሰናይት የኮሌጁን ፎቶ ከአልጋዋ በላይ ለጠፈችው። "እነሱ እንቢ ካሉኝ ዱላውን አስቀምጣለሁ" አለች። ሰናይት ያለችውን ታደርጋለች።

ካሜራ የለንም። ጋሽ ታደሰ ግን አላቸው። እኛ ሰፈር ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጹት እሳቸው ናቸው። እናቴ "እባክዎ፣ ልጅቷን አንድ ቀን ይቅረጹልኝ" ብትላቸው "ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። ይቺ ትቅረጻት" ብለው ትርፉን ካሜራ እኔ ትከሻ ላይ ጫኑት። እንቢ ማለትም መናገር ነው።

"የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ እወቂ" አሉኝ። "ሰው ቢጨፍር፣ ኬክ ቢወድቅ፣ አዳራሹ ቢቃጠል፣ ሙሽራዋን እንዳትለቂ።"

አለቀቅኋትም።

ጋሽ ታደሰ ቴፑን በሠርግ ማሽናቸው አሳምረው ገለበጡት። ካረን ቀን አለፈብን ብላ ሳታየው በፖስታ ላከችው። ቅጂውን እሁድ ቤታችን ተሰብስበን ከፈትነው። ሁለት የልብ ሥዕሎች ከግራና ከቀኝ መጥተው ይገጥሙና መሃላቸው ሰናይት ትወጣለች። ከዚያ ትሮጣለች። በእጇ እየጠቆመች ትጣራለች። ወደኋላ ትሮጣለች። ከምስሉ ውጭ ሰው ይጮኻል፤ ግብ ገብቷል። የት? ማን አገባ? አይታይም። የምትታየው ሰናይት ናት፤ ታጨበጭባለች። እንዲህ እያለ አርባ ደቂቃ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ "ኳሱስ?" አለች።

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ፣ ኳሱን ለምን አልቀረጽሽም?" "ሴይ ሳምቲንግ፣ ተናገሪ እንጂ" አለች። ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈችኝ። ከኔ ጋር መኳረፍ ደግሞ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። የኮሌጁን ፎቶ ስትነቅለው ግን አየኋት። ያ ታወቀኝ።

ጁላይ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ሰናይት ዱላዋን ቁምሳጥን ውስጥ ከትታ ስትመለስ ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነሳች። የኮሌጁ አሰልጣኝ ናት።

እናቴ መቼም ሰላምታ አታሳጥርም። ደህና ነሽ? እናትሽስ? ልጆችሽስ? ከብት ቢኖራት ስለ ከብቶቹም ትጠይቃት ነበር። ሴትዮዋ ሁሉንም መለሰች፤ እናቷን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሳይቀር ነገረቻት። እናቴ ስልኩን በእጇ ሸፍና "እግዚአብሔር ይማርልሽ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሰናይት ስልኩን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ቆማለች።

በመጨረሻ ስልኩ ደረሳት። አሰልጣኟ ያለችውን ሰናይት ስለደጋገመችው በቃሌ ይዤዋለሁ። "የሚላክልኝ ቴፕ ሁሉ ግብ ነው። ግቡን አይቼ ልጅቷን ግን አላውቃትም። ያንቺን ሁለት ጊዜ አየሁት። ኳሱ ሩቅ ሲሆን ምን እንደምትሠሪ አየሁ። አትቆሚም። ጓደኛሽ ስትሳሳት ሮጠሽ ትደርሽላታለሽ። እኔ ጋ እንድትጫወቺ እፈልጋለሁ።" ቀጥላ "ካሜራውን የያዘው ማነው? ጨዋታ የገባው ሰው ነው" አለች። ሰናይት ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ።

እናቴ እልል አለች። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ በሩን አንኳኳ፤ እሱንም አቀፈችው። ጋሽ ታደሰ ወዲያው ደረሱና "ሙሽራዋን እንዳትለቂ ያላት ማነው?" አሉ። ማንም ሳይመልስላቸው አራት ጊዜ ጠየቁ። ካረን አሁን ወላጆችን "እንደ ሰናይት እህት ቅረጹ" ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ የያዙ አባቶች አጠገቤ መጥተው እንዴት እንደማነጣጥር ያያሉ። ስካይዌይ የሚባለው ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ሰምተዋል። ሰናይት ፎቶውን መልሳ ለጥፋ አቀፈችኝና "አውቀሽ ነው፣ አይደል?" አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። እኔ ሩቅ አይታየኝም። ከአምስት እርምጃ ወዲያ ዓለም ጭጋግ ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አንብቤ አላውቅም። ፊደል የምሳሳተው አጠገቤ ትቀመጥ ከነበረችው ልጅ ስለገለበጥኩ ነው፤ እሷም ትሳሳት ነበር። መነጽር ካደረግሁ ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ ዝም አልኩ። በካሜራው ቀዳዳ ደግሞ ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ነው። ስለዚህ ሌላኛውን ዓይኔን ከፍቼ እናቴ የገዛችላትን ቀይ ሱሪ ተከተልኩ። በቃ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያለው ማነው? ተናግሬ ቢሆን ካሜራውን ማን ይሰጠኝ ነበር?

ኳሷ ቢጫ ናት ይላሉ። እኔ አላየኋትም።