የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት

ሰው ሙያውን ቤቱ አስቀምጦ የትም አይሄድም። ሐኪም ሠርግ ተጠርቶ የሙሽራውን ዓይን ቢጫነት ያያል፤ አስተማሪ ለቅሶ ቤት ሰው ሲያንሾካሹክ «ዝም በሉ!» ሊል ይቃጣዋል። እኔ ሮቤ ውስጥ በር በመሥራት የታወቅሁ (ብዬ የማምን) አናጢ ነኝ። ታዲያ ጠፈር ብወጣ ምን የማደርግ ይመስላችኋል? በር ሠራሁ። በሩም ሰው ገደለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎባ የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ከታመመ ወዲህ ከአልጋ እስከ መስኮት መሄዱ ራሱ ዳገት ሆኖባቸው ነበር። ልጃቸው ትቶላቸው በሄደው ላፕቶፕ ላይ ግን፣ ብሎክ እየገጣጠሙ የጠፈር መንኮራኩር የሚሠሩበት ጌም አገኙ። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ገና ሳልቀመጥ አናጢ አይደለህ፣ ና ግጠምልኝ አሉኝ። ከመሞታቸው በፊት አንዴ ከዚህች ምድር ወጥተው ሊያዩዋት ነው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ገጠምኩ። የመንኮራኩሯን ስፋት ስድስት ብሎክ፣ በሩን አምስት አደረግሁ። ለምን የሚል የባሌን ጉም አያውቅም። እዚህ አገር በር ልክ አድርጎ የሚገጥም አናጢ ክረምት ሲገባ ይሰደባል፤ እንጨቱ ያብጥና በሩ አልከፈት ይላል። ስለዚህ የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት እንተዋለን። ጌሙ ውስጥ ግን ከአንድ ብሎክ ያነሰ ነገር የለም፤ እኔም አንድ ብሎክ ተውኩ። መንኮራኩሯ ተነሣች፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ አየሩ በዚያች ክፍተት ተሟጦ ወጣ፣ ውስጥ የተቀመጠው ትንሽ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ሞተ። ጋሼ ስክሪኑን አይተው «አንተ ልጅ፣ አየር ታስወጣለች» አሉኝ። የራሳቸው ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማኝ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ክፍተቷን ደፈንኩ። አሁን ደግሞ ሞተሩ አስቸገረ፤ ስፋቱ ሦስት ነው፣ ስድስቱ መሃል ላይ አልቀመጥ አለ። ወደ ጎን ባስቀምጠው መንኮራኩሯ እንደሰከረ ሰው እየተሽከረከረች ወደቀች። ባለቤታቸው እትዬ ጫልቱ፣ አቦ አንድ ጊዜ እንኳ ሰውዬውን አታተርፉትም እንዴ ብለው ከጓዳ ተቆጡን።

መፍትሔውን ያገኙት ጋሼ ናቸው። እያረፉ፣ ቃል እየቆጠቡ ነገሩኝ። ስድስት መሃል ላይ የሚቀመጥ ብሎክ የላትም፤ አምስት ግን አላት፣ ሦስትም አላት። አፍርስና ከመሃል ጀምር፣ ግራ ቀኙን እኩል አስኪድ። በሩንም ልክ አድርግ፤ ጠፈር ላይ ክረምት የለም። ክፍተት ብትተው አልምርህም አሉ። ልብ በሉ፣ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ነው አፍርስ የሚሉኝ! አፈረስኩ። አምስቱን በአምስት ገጠምኩ። ተነሣች፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ ሰውዬው አልሞተም! ጋሼ ምድርን ቁልቁል አይተው ሳቁ፣ ሳቁና ሳሉ፤ ሳሉ ሲተዋቸው «ገለቶሚ» አሉኝ። ምስጋናዋን ከእትዬ ጫልቱ ነው የለመዷት፤ ከልባቸው ሲሆን ብቻ ነው የሚሏት።

ሐሙስ ዕለት አረፉ።

ሳጥናቸውን ሌላ ሰው ሊሠራው? እኔ ሞቼ ነው! ጎባ ሄጄ ለክቼ መጣሁ፤ ከጽድ እንጨት ሠራሁት። ከመሃል ጀመርኩ፤ ግራ ቀኙ እኩል፤ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። እያለቀስኩም ቢሆን ኮራሁበት።

ለካስ እኔ የለካሁት ጋሼን ብቻ ነው። እትዬ ጫልቱ ብርድ አይችሉም ብለው ወፍራሙን ጋቢያቸውን ደርበውላቸዋል። ክዳኑ አልገጥም አለ። ካህናቱ ቆመዋል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ የእድሩ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አንዱ ጋቢው ይውጣ አለ። እትዬ ጫልቱ ዞረው ሲያዩት ከሰው ኋላ ተሸሸገ። እኔም በሳጥኑና በክዳኑ መሃል ዙሪያውን ቀጭን ጣውላ ደረብኩ፤ ምስማር መታሁ። ተዘጋ። አንዱ ጥግ ላይ ብቻ የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት ቀረች።

በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ማንም አላያትም። አንድ ሰው ብቻ ነበሩ የሚያዩዋት። ቀና ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቁመውኝ፣ «አንተ ልጅ፣ አየር ታስወጣለች፤ አፍርስና ከመሃል ጀምር» ይሉኝ ነበር።