ባሕር ያላየችው የጀልባ አማካሪ

ሰው አንዴ ጎበዝ ከተባለ አለቀለት። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። እስከ አምና አስተማሪ ሲጠይቅ ከፊቴ ካለችው ልጅ ጀርባ እደበቅ ነበር። ዘንድሮ ፊዚክስ ላይ እጄን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ ተጨበጨበልኝ። በቃ፣ ወሬው ከመካነ ሰላም ተነስቶ ዓረብ አገር ገባ።

ዓረብ አገር ያለችው ትልቋ እህቴ የሺ ናት። የምትሠራበት ቤት ባሕሩ አፍ ላይ ነው፤ አሠሪዋም የሞተር ጀልባ አለው። ጀልባው ውሃ ላይ ሲከርም ሆዱን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይይዘዋል። የምትፈገፍገው ማን ናት? የሺ። ሰውየው አሁን ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ የሚያንጠለጥል ማንሻ ሊገዛ ነው። ማንሻው የተተከለ ጊዜ የሺ ፈቃድ ታገኛለች፣ ከስንት ዓመት በኋላ ቤቷ ትመጣለች። ታዲያ ባለ ሁለት ቶን ይሁን፣ ባለ ሦስት ወይስ ባለ አራት? ሰውየው ግራ ሲገባው የሺ፣ እህቴ ፊዚክስ አንደኛ ናት ብላ የጀልባው ክብደት የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶ ላከችልኝ።

እኔ እኮ የማውቀው ውሃ በክረምት የሚሞላውን ወንዝ ነው። እሱንም ከሩቅ፣ ስለምፈራው። ግን አንዴ ጎበዝ ተብያለሁ! ወረቀቱ ጀልባው ሁለት ቶን ነው ይላል፤ ባለ ሁለት ቶን ይግዛ አልኳት። ፊዚክስ ይሄው አይደል?

ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ሸለቆውን የሞላውን ጉም በመስኮት ሳይ እውል ጀመር። ባሕር ማለት እንዲህ ይሆናል እላለሁ። ነጭ ጀልባ ከጉሙ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ውሃው ከሆዱ ይንጠባጠባል፣ የሺ ከላይ ሆና ነጠላዋን ታውለበልብልኛለች። አስተማሪው ስሜን ሁለቴ ጠርተው ነው የሰማሁት።

ይሄን ሁሉ ለአባባ ሳወራ ለከላላ ገበያ በቅሎ እየጫኑ ነበር። «ሁለት ቶን ያልሺው ባዶውን ነው ወይስ ከነጭነቱ?» አሉኝ። «ወረቀቱ ነው ያለው» አልኩ። «ነዳጅ አይጠጣም? ዕቃ አይቀመጥበትም? እኔ እንኳ ይቺን ስጭን፣ ጆንያው ዝናብ ቢመታው እንደሚከብድ አስቤ ነው» አሉና መጫኛውን ጠበቅ አደረጉት። ባሕር አይተው አያውቁም እኮ!

ጀልባው ከጉሙ ላይ ተበጥሶ ሲወድቅ ታየኝ፣ የየሺ ፈቃድም አብሮ። ወረቀቱን ደግሜ ባየው ሞተሩ ራሱ አልተቆጠረም! ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ ውሃውን፣ ባትሪውን ስደምር ወደ ሦስት ቶን ተጠጋ፤ ዕቃና ዝናብ ሲጨመርበት ሊያልፍ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ሮጬ ወጣሁና፣ «የሺዬ፣ ባለ አራት! ባለ አራት በይው!» ብዬ ጮህኩ። ላሞቹ ዞረው አዩኝ። እሷ ሳቀች፤ «አብሽሪ፣ ገና አልገዛም» አለች።

ባለ አራቱ ተገዛ፣ ጀልባው ተሰቀለ፣ የሺ ፈቃዷን አገኘች። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ታዲያ ማንን ታማክር? ዕቃውን በአሠሪዋ ቤት ሚዛን አንድ በአንድ እየመዘነች ነገረችኝ። ዓይኔ ጉሙ ላይ ሆኖ ደመርኩላት፤ ከተፈቀደላት ኪሎ ጋር ልክክ አለ።

አውቶቡሱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ያ ጀልባ መሰለኝ። የሺ ወረደች፣ ተቃቀፍን፣ አለቀስን። ቤት ስንደርስ ነው ኪሎው ኤርፖርት ላይ እንዳለፈባት፣ ከላይ የነበረውን ለእኔ የገዛችልኝን ጫማ አውጥታ እንደተወችው የነገረችኝ። እንዴት ያልፋል? አንድም ዕቃ ሳልረሳ ደምሬ!

አባባ በቅሎዋን እያራገፉ ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሻንጣውን ራሱንስ ደምረሽዋል?» አሉኝ።