እንደ አይጧ ነኝ ያሉት አከራዬ

ለመሆኑ ጥፋቱን በሊቃውንት ቃል የሚሸፍን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጃንሆይ ዘመን ከአገሬ ከጎጃም ርቄ ሸዋ ሮቢት ሳስተምር፣ ቤት የተከራየሁት ከእንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አከራዬ ጋሽ ተክሌ አረቄ በጠጡ ማግስት ያስመልሳቸዋል፤ ሲሻላቸው ደግሞ ይጠጣሉ። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን የሳይንስ መምህር ሊጠይቀን መጥቶ ስለ አይጥ አጫወተን። አይጥ ጣፋጭ ውሃ ጠጥታ ከታመመች ዳግመኛ አትቀምሰውም፤ አንጎሏ ውስጥ አንድ ቦታ ከተጎዳ ግን ያንኑ ያሳመማትን መልሳ ትጠጣለች አለን። ጋሽ ተክሌ እንዲያ አጥብቀው ሲያዳምጡ ቅዳሴ ላይ እንኳ አይቻቸው አላውቅም።

በሳምንቱ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ “ወይ አረቄውን ይተዉ፣ ወይ አባቴ ቤት እገባለሁ” ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ጋሽ ተክሌ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

“አባቶቼ፣ በልጅነቴ ከቁርቁራ ዛፍ ወድቄ አናቴን ተመትቻለሁ። መምህሩ እንደነገሩን አንጎሏ እንደ ተጎዳባት አይጥ ነኝ፤ ካሳመመኝ ነገር መራቅ አላውቅበትም።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትምህርትን ማን ይደፍራል?

“እንግዲያ አምና ያሳመመዎትን የዱባ ወጥ ለምን እስከ ዛሬ አይቀምሱም?” አሉ እትዬ በላይነሽ።

አንደኛው ሽማግሌ የዱባ ወጥ እንዲቀርብ አዘዙ። “ብላ ልጄ። ከበላህ እውነትም እንደ አይጧ ነህ፤ አንፈርድብህም።”

ጋሽ ተክሌ ጠቀለሉ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡት።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭንቅላትህስ ደህና ነው” አሉ ሽማግሌው። “በል አሁን አረቄ ላለመጠጣትህ ዋስ ጥራ።”