የጃርትና የአከራይዋ ቁራኛ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይስማበት። በድሮ ዘመን በአንድ ጫካ ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚያከራይ፣ አዋልዲጌሳ የሚባል ባለ ረጅም አፍንጫ አውሬ ነበረ። ከተከራዮቹ አንዷ እመት ጃርት ነበረች። በየማለዳው የአከራይዋን ደጅ ትጠርጋለች፣ እባብም ታባርርለታለች፤ ኪራይዋ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ከልጆቿ ጋር ሥራ ሥር ለቅማ ስትመለስ የቤቷ አፍ በድንጋይ ተዘግቷል። የሣር ፍራሿ ውጭ ተጥሏል። አዋልዲጌሳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

«አያ አዋልዲጌሳ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ጣሪያዬን በእሾህሽ ቧጭረሻል።»

«እርስዎ ሲቆፍሩት የተቧጨረ ነው እኮ። እኔ ስገባም እንዲሁ ነበር።»

«እኔ ወስኛለሁ። አሁን ብሰማሽ ውሳኔዬ ይበላሽብኛል።»

ሰማዩ ጠቁሯል፤ ክረምት ገብቷል። የልጆቿ እሾህ ገና እንደ ሣር ለስላሳ ስለነበር ዝናብ ካገኛቸው እንደማይተርፉ ጃርት ታውቃለች። ልጆቿን አስከትላ ወደ ዳኛው ወደ ኤሊ ሮጠች።

ዳኛ ኤሊ ክፉ ወሬ አይወድም። ክርክር ሲጀመር አንገቱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። «ጌታዬ፣ አከራዬ ቃሌን ሳይሰሙ ከቤቴ አስወጡኝ» ስትል የኤሊ ራስ ወደ ውስጥ ገባ። ጸሐፊው ዝንጀሮ ወደ ኤሊ የድንጋይ ልብስ ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «ቀጠሮሽ ዝናቡ ሲያባራ ነው» አላት።

«ያን ጊዜ ልጆቼ የሉም።»

«እንግዲያው ሐዘን ላይ ነሽ ብለን ሌላ ቀጠሮ እንሰጥሻለን።»

ጃርት ልትሄድ ዞር ስትል የጫካው የጥንት ሕግ ትዝ አላት። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ እስኪፈረድ ድረስ ይቆራኛሉ፤ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

«እንግዲያስ ከአከራዬ ጋር ቆራኙኝ» አለች።

«ይቆራኙ» አለ ኤሊ ከውስጥ ሆኖ። መስማት የማይጠይቅ ውሳኔ ደስ ይለው ነበር።

ዝንጀሮ የአዋልዲጌሳን ጅራት ከጃርት እግር ጋር በሐረግ አሰረ። አዋልዲጌሳ ቤቱ ሲገባ ጃርት ተከተለችው፤ ልጆቿም ተከተሏት። ቤቱ ለአንድ የተቆፈረ ነበር። ዝናቡ ወረደ።

«ትንሽ ወደዚያ በይልኝ።»

«ወደየት? ወደ ውጭ?»

«እሾህሽን እንኳ እጠፊው።»

«ሳስነጥስ በራሱ ይነሣል። ዛሬ ደግሞ ብርድ መቶኛል» አለችና አስነጠሰች።

ሲነጋ አዋልዲጌሳ ጀርባው ሁሉ እሾህ ሆኖ ወጣ። ጎረቤቱ ጥንቸል ከሩቅ አይታው «እመት ጃርት፣ እንዴት አደሩ?» አለችው። አዋልዲጌሳ ጃርትን በጅራቱ እያስከተለ በቀጥታ ሄዶ የቤቷን ድንጋይ አንከባለለ።

«ግቢ። ጣሪያውን የቧጨረውም የእኔው ጥፍር ነው።»

ሐረጉን ፈቱት። ጃርትም ክረምቱን ከነልጆቿ በደረቅ አፈር ላይ ከረመች።

ዝናቡ ሲያባራ ዳኛ ኤሊ አንገቱን አወጣ፤ እያዘገመም መጥቶ ደጇ ላይ ፈረደ። «ቃሏ ሳይሰማ መውጣቷ ስሕተት ነው። ፍርድ ሳይሰጥ መግባቷም ስሕተት ነው። ስለዚህ ከነልጆቿ ትውጣና ጉዳዩ እንደገና ይታይ።»

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ልናገር» አለች ጃርት። የኤሊ ራስ ገባ።

ጃርት ያንን ሐረግ ከጓዳዋ አወጣች። አንዱን ጫፍ በራሷ እግር፣ ሌላውን በዳኛው እግር አሰረች።

«እንግዲያው ቀጠሮው እስኪደርስ ከጌታዬ ጋር ነኝ» አለች ወደ ድንጋይ ልብሱ ቀዳዳ እየተጠጋች። «ያልሰሙት አፍ እሾህ ያበቅላል።»

ከዚያም አስነጠሰች።