የደምሴ ኮት በስድስት ጐን

ባልና ሚስት መዋደዳቸውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስለ ሠርጋቸው አይጠይቅ! አንድ መቀስና አንድ ያረጀ ኮት ይስጣቸውና ዳር ቆሞ ይመልከት። በመቀሱ ካልተወጋጉ... ይዋደዳሉ።

እኔና ደምሴ አልተወጋጋንም። ለጥቂት ነው እንጂ። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ይኸው ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እየሞቅን ጨርቅ መቁረጥ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከደንበኞች ልብስ የተረፈው ካኪ፣ ቴትሮንና አቡጀዲ አንድ ጆንያ ሞልቶ ነበር። በዚያ ላይ የራሱን ካኪ ኮት ጨመረበት። ኮቱን ሁለት ጊዜ ገልብጦ ሰፍቶታል። ልብ በሉ፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ኮት ወደ መጀመሪያ ፊቱ ይመለሳል! ክርኑ ግን አይመለስም።

እሱ በካርቶን እየለካ አራት ማዕዘን ይቆርጣል፤ እኔ ጨርቁን እወጥራለሁ።

«እነዚህን ጫፍ ለጫፍ አያይዤ ባንድ ሳምንት ብርድ ልብስ አደርግልሻለሁ» አለ።

«እኔ ባለ ስድስት ጐን ነው የምፈልገው። እንደ ማር እንጀራ።»

«ለምን?»

«ያምራላ!»

«አንቺ ሴት፣ የደባርቅ ብርድ ጐን ቆጥሮ ነው የሚገባው?»

«ታዲያ አንተ ኮሌታ ለምን ትሰፋለህ? ኮሌታ ማንን አሞቀ?»

መቀሱን መልሶ አነሣ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ደምሴን በነገር የረታሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆርጦ ሲጨርስ ቁራጮቹ ያሉበትን ቅርጫት ወደ እኔ ገፋ አደረገና «እንግዲህ ንብ ሁኚ» ብሎኝ ተነሣ።

ሰኞ ሳል ያዘው። በሳምንቱ ቅዳሜ ቀበርነው።

እዚህ ላይ እንባዬን አላፈስም፤ ወረቀቱ ይርሳል። ወረቀት ደግሞ እንደምታውቁት እንደ ስኳሩ በወረፋ ነው።

ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ መዋል እጅን ያሳብዳል። እናም ቅርጫቱን ሳብኩት። መሠረተ ትምህርት ሳስተምር የተረፈኝን ደብተር በስድስት ጐን እየቆረጥኩ፣ አራት ማዕዘኑን ጨርቅ በላዩ እያጠፍኩ በክር አስያዝኩት። የጨርቁ ጫፍ አይቆረጥም፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። አንዱ ከአንዱ ጋር ዙሪያውን ከተሰፋ በኋላ ወረቀቱ ይወጣል። ቀላል ነው አትበሉ። በመጀመሪያው ቀን ከጣቴ የፈሰሰው ደም ከጨርቁ ቀለም ይበልጥ ነበር!

አርባው ደረሰ። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ለነፍስ አባት ይሰጣል። ሱሪውን፣ ሸሚዙን፣ ጋቢውን አጥቤና አጥፌ ለአባ ተክሌ አቀረብኩ። አባ አንድ በአንድ አገላበጡ። አንድ ነገር ጎደላቸው። አልፈርድባቸውም፤ ደምሴን መስቀል ሲያሳልሙት እንኳ ሌላው እጃቸው የኮቱን ኮሌታ ይዳብስ ነበር።

«ኮቱስ ልጄ?» አሉ።

«አባ... ተቆርጧል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

«ማን ቆረጠው?»

«ሟቹ።»

አባ አዘኑልኝ። «ልጄ፣ ጠበል ብትጠመቂ ምን ይመስልሻል?»

ከኋላ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ሹክ አለች። የእትዬ ብርቄ ሹክሹክታ ደግሞ ከሌላ ሰው ጩኸት ይበልጥ ይሰማል። «ለሚመጣው ባል ደብቃው ነው!»

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን ባል ጨመረበት። ወሬው በማግሥቱ ዳባት ደረሰ። ዳባት ላይ ኮቱ ሁለት ሆነ። አዲሱ ባሌም ተራራው ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር የሚባል ቦታ የሚሠራ ዘበኛ ነው ተባለ። እኔ ሳንቃ በርን በዓይኔ አይቼው አላውቅም! ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ ዳሩኝ እኮ!

ሳቁ እናንተ። እኔ ግን ገበያ መውጣት አፈርኩ። የደምሴ ሚስት መባል ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም ሊወስዱብኝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅርጫቴን ተሸክሜ፣ እትዬ ብርቄን በነጠላዋ ጎትቼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሣር ላይ የሰፋሁትን አባ ፊት ዘረጋሁት።

«ድሪቶ!» አለች እትዬ ብርቄ።

«ኮት ነው» አልኩ።

አባ ጎንበስ አሉ። «እስቲ እጅጌው የቱ ነው?»

«ይቺ፣ ይቺ፣ ደግሞ ይቺ... አይ፣ ይቺስ ጀርባው ትመስለኛለች።»

እትዬ ብርቄ ተንበርክካ ስትፈልግ ቆየችና «ኪሱ ይኸው!» ብላ ጮኸች። «ከሴት ጉርድ ቀሚስ ጋር ምን ያደርጋል?»

«እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው። ደምሴ ንጹሕ ነው።»

አባ ድሪቶውን ገለበጡት። የታጠፉትን ጫፎች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ይኼስ?»

«የጨርቁ ጫፍ ነው አባ። አልተጣለም። ከኮቱ የጎደለ የለም፤ የማይታየው ከኋላ ታጥፎ ነው።»

አባ አንዷን ቁራጭ ይዘው ዳበሷት። «ኮሌታው ነው» አሉ። በዳበሳ አውቀውት!

እትዬ ብርቄ እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «ይቅር በይኝ እታለም፤ ስምሽን አጠፋሁ።»

«ይቅርታውስ ይቅር። መጀመሪያ ከሳንቃ በሩ ሰውዬ አፋቺኝ!»

ስሜ ዳነ። ኮቱ ግን አልዳነም። አባ ድሪቶውን አጣጥፈው መለሱልኝና «ልጄ፣ የሟች ልብስ ለነፍሱ ነው፤ ቤት አይቀርም። ሰፍተሽ ስትጨርሺ ታመጪዋለሽ» አሉ። ፍርዱ ልክ ነው። ልቤ ግን እሺ አላለም። ሌላውን ሁሉ ሰጥቻለሁ። ጠዋት ስነሣ እጄ የሚነካው የደምሴ ነገር ይህ ብቻ ነው።

በሌላው እሑድ አባ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ደረሰ?»

«አባ፣ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ከዚያ ገብርኤል መጣ። ከዚያ ማርያም። መርፌ ላንሣ እንዴ?»

«በስመ አብ! እንዴት ተደርጎ!»

«እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩን።»

«በመካከል ያሉት ቀኖችስ?»

«ለበዓሉ ስዘጋጅ...»

አባ ትክ ብለው አዩኝ። ቀስ እያሉ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። ከነጠላው ሥር የደምሴን ጋቢ ለብሰዋል።

«ለእኔስ ይኼ ይበቃኛል» አሉ ጋቢውን እየሳቡ። «አንቺም በዓል እንዳትሽሪ። የቸኮለ ስፌት ይተረተራል።»

በሚቀጥለው እሑድ አልጠየቁኝም። ከዚያ በኋላም አልጠየቁኝም።

አሁን በዓል ባልሆነ ቀን፣ እንዳያልቅብኝ፣ አንድ ጐን ብቻ እሰፋለሁ።