የአያ ዘለቀ ልጅ አምበል የሆነች ጊዜ

ሰው በልጁ ሲኮራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የከተማ ሰው ኩራቱ ቀላል ነው፤ ፎቶ አውጥቶ ያሳያል፣ «የኔ ናት» ይላል፣ በቃ። የኛ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን በልጁ የኮራ ዕለት ፊቱን ያጠቁራል። «ልጅህ እንዴት ናት?» ስትሉት «አለች፣ ምን ትሆናለች» ብሎ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። የሰው ዐይን ክፉ ነው። ደግሞም ልጁን በገዛ አፉ የሚያወድስ ሰው ሌላ አወዳሽ አጥቶ ነው ተብሎ ይታማል። አጎቴ አያ ዘለቀ የዚህ ዓይነቱ ኩራት ሊቅ ነበሩ። እንዲያውም ሊቅነታቸው ስለበዛ፣ ልጃቸውን ጨርሶ የጠሏት ይመስለን ነበር።

ልጃቸው አትጠገብ የቴኒስ ተጫዋች ናት። የጠረጴዛውን እንዳይመስላችሁ። እኔ ፍኖተ ሰላም መምህር ነኝ፤ ማስረዳት እንጀራዬ ነው፤ ይህን ግን ለባልደረቦቼ ማስረዳት አቅቶኛል። «ትልቁን ነው፣ መሐል ላይ መረብ ያለበትን» ስላቸው «አሃ፣ መረብ ኳስ» ይሉኛል።

ነገሩ የተጀመረው ቡሬ ነው። ከከተማው ዳር መንገድ ሠሪዎች የሰፈሩበት ካምፕ ነበር። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ሰዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ የቴኒስ ሜዳቸውን ትተው ሄዱ፤ ሲሚንቶ ተጠቅልሎ አይጫን ነገር። የቡሬ ሰው ለጥ ያለ ሲሚንቶ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መቼም አይጠፋችሁም። በርበሬ አሰጣበት።

አትጠገብ ያኔ ከገጠር መጥታ ቡሬ እኛ ቤት ተቀምጣ ትማር ነበር። የስፖርት አስተማሪዋ ካምፑ ውስጥ ወድቀው ያገኟቸውን አሮጌ ራኬቶች ይዘው ማለማመድ ሲጀምሩ፣ ሜዳው በስምምነት ለሁለት ተከፈለ፤ በርበሬው በወዲያ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ እሷ በወዲህ ግድግዳውን ስትደበድብ ትውላለች። ኳሷ በርበሬው ውስጥ ገብታ በወጣች ቁጥር ዐይኗን ስለምታሽ፣ እናቴ «ይች ልጅ ከማን ጋር እየተጣላች ነው ስታለቅስ የምትመጣ?» ትል ነበር።

ከዚያ ባሕር ዳር ለውድድር ሄዳ አሸነፈች። አዲስ አበባ አንድ ክለብ ወሰዳትና ደሞዝተኛ ተጫዋች ሆነች። ናይሮቢ ተጫወተች፣ ካይሮ ተጫወተች። አንዳንዴ ገና በመግቢያው ተረትታ ትመለሳለች፣ አንዳንዴ ዋንጫ ይዛ። ውሎ አድሮ በአገር ውስጥ የሚረታት ጠፋ።

አያ ዘለቀ ግን «የማግቢያ ዕድሜዋን ኳስ እየደበደበች ፈጀችው» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከሁሉም የከበዳቸው ያ አጭር ቀሚስ ነው። ዋንጫ ይዛ የተነሣችውን ፎቶ የላከች ጊዜ እናቷ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እሳቸውም አውርዱት አላሉም፤ ብቻ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አምጥተው ከፎቶው ፊት ዝቅ አድርገው አንጠለጠሉት። ከወገብ በላይ አትጠገብ፣ ከወገብ በታች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ናት የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆና የተሾመችው። ከጎረቤት አገር ቡድን ጋር አዲስ አበባ ላይ ሊጋጠሙ መሆኑን ስሰማ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው ገጠር ድረስ ሄጄ አጎቴን ለመንኋቸው።

«አያ፣ አንድ ቀን እንኳ ስትጫወት ይዩዋት።»

«ምኗን ነው የማየው?» አሉና ስለ ዝናቡ አወሩኝ። በማግሥቱ ልሰናበት ብሄድ ጋቢያቸው ታጥቦ፣ እሳቸውም ተላጭተው ይጠብቁኛል።

አዲስ አበባ ገብተን ሜዳው ዳር ተቀመጥን። ዳኛዋ ነጥብ በጠራች ቁጥር ተረጎምኩላቸው፤ ዐሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ ዐርባ። አጎቴ አሰቡና «ከሠላሳ በኋላ ዐርባ አምስት ነበር። ያችን አምስት ማን በላት?» አሉኝ።

ሁለቱ ቡድኖች አንዳንድ ግጥሚያ አሸነፉና የመጨረሻው ቀረ። ሁሉም አትጠገብን ነው የሚጠብቀው። እሷ ግን ቱታዋን እንደለበሰች ወደ አጥሩ መጣችና ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

«አባየ፣ ዛሬ እኔ አልገባም።»

«ታመምሽ?»

«ጉልበቴን ያመኛል፤ እጀምረዋለሁ፣ አልጨርሰውም። ያች ትንሿ ልጅ ብትገባ ይሻላል።»

አያ ዘለቀ ያቺን ትንሿን አዩዋት። ቀጭን የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ራኬቷን ትይዛለች፣ ትለቃለች።

«እኔስ ከቡሬ የመጣሁት እሷን ለማየት ነው?»

የአትጠገብ ዐይን ሲሞላ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት በርበሬ አልነበረም። «ይቅር ይበሉኝ» አለችና ተመለሰች። እኔ አፈርኩ። ሽማግሌ ሰው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ አንገላትቼ ያመጣሁት ልጁ ለሌላ ሰው ፎጣ ስታቀብል ሊያይ ነው።

ልጅቱ የመጀመሪያውን ዙር ክፉኛ ተረታች፤ መጥታም አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከኋላችን ያለው ሰው «አምበሏ ራሷ ፈርታ ነው ይችን የማገደቻት» ሲል አያ ዘለቀ ሰሙ። ልጃቸውን ብቻ ያያሉ። አትጠገብ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ተንበርክካ ልጅቱን ውሃ አጠጣች፣ አንድ ነገር ነገረቻት፣ ትከሻዋን መታ አድርጋ ሰደደቻት። ሁለተኛው ዙር የእኛ ሆነ። በሦስተኛው ከኋላችን ያለው ሰውም ማጨብጨብ ጀመረ። የመጨረሻዋ ኳስ ከመስመር ውጭ ስታርፍ፣ ልጅቱ ራኬቷን ጥላ እየሮጠች የተጠመጠመችው አትጠገብ አንገት ላይ ነው።

ዘወር ብል አጎቴ የሉም። ወርደው ሜዳው ውስጥ ገብተዋል፤ ጥበቃው ምን ብሎ ይከልክላቸው። ያን የታጠበ ጋቢ ከላያቸው ገፈው ልጃቸውን ትከሻዋ ላይ አለበሷት። እግሯን ሊሸፍኑ ነው እንዳልል እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቱታ ለብሳለች። በእኛ አገር ጋቢ እንዲህ የሚደረብለት የተሸለመ ሰው ብቻ ነው።

«አልተጫወትኩም እኮ፣ አባየ» አለች።

«አይቻለሁ» አሏት።

ቡሬ የተመለስነው ለገበያ ቀን ነው። አንድ ጎረቤታቸው ገበያው መሐል ያዟቸው።

«ልጅዎ አሸነፈች ወይ?»

«እሷስ አልገባችም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የሄደች?»

አያ ዘለቀ ግራ ቀኙን አዩ። ሰው በዝቷል። ድምፃቸውን ግን ዝቅ አላደረጉም። «አሰላፊዋ እሷ ናት። ይች ትግባ፣ ይች ትቅር የምትል። የራሷን ስም ትታ አገሯን ለድል ያበቃች። አምበል ይሏታል።»

ገበያ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ በግ ይጮሃል፣ ሰው ይጮሃል። ቃሉ ከበግ ተራ ተነሥቶ ጨው ተራ ሲደርስ «አምበል» «ሻምበል» ሆነ። ፍኖተ ሰላም ስገባ ባለጋሪው «ሻምበል የሆነችው የእናንተ ልጅ ናት አሉ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለኝ። ተመልሼ ለአጎቴ «ወሬው ይታረም» ብላቸው፣ «መምህር ስትሆን ሁሉን ማረም ያምርሃል። ሕዝቡ በሚያውቀው ማዕረግ ነው የሾማት። ተወው» አሉኝ።

ተውኩት። ባለፈው ደጋ ላይ ካለችው ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣ ሰው አግኝቼ ስለዚያው ሲያወራ ሰማሁት። እዚያ ሻለቃ ናት። ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ወሬ አንድ ማዕረግ ቢጨምር አይፈረድበትም።